እማማ የሺሃረግና የትራኬ በሮች

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ዳኛቸው ብላችሁ ብትጠይቁ ሥራዬን ከመናገራቸው በፊት ጠባዬን ይነግሯችኋል። አንድ ቀን ከፓርኪንግ ሜትር ጋር ስጣላ ያዩኝ ሰዎች አሉ፤ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ እስካሁን ያወሩታል። በነገር የምናደድ እንጂ የምደነቅ ሰው አልነበርኩም። በዚያ ሳምንት ግን አፌን ይዤ ቀረሁ፤ ያስያዙኝም የገዛ አማቴ ናቸው።

እማማ የሺሃረግ የሚስቴ የሥርጉት እናት ናቸው። ሥርጉት ሲቲዝን ስትሆን ፕሮሰስ ጀምራ አስመጣቻቸው፤ ከመጡ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ጆሯቸው ከሃያ ዓመት በፊት በሕመም ሄዷል፤ መድፍ ቢተኮስ አይሰሙም። ንግግራቸው ግን ጥርት ያለ ነው። ማንበብ አይችሉም። ሥርጉት በእጇ ምልክት እየሠራች ታስረዳቸዋለች፤ እኔ እጮኽባቸዋለሁ። ለማይሰማ ሰው መጮህ ምን ይረባል ብትሉኝ ጠባይ ነው።

ደግሞ የድሮ ሰው ናቸው። አማች ፊት እግራቸውን አይዘረጉም፣ ራሳቸውን ሳይከናነቡ ከመኝታ ቤት አይወጡም፣ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። እሳቸው እኔን አንቱ፣ እኔም እሳቸውን አንቱ፤ በዚያች ጠባብ አፓርታማ ግድግዳ ግድግዳውን ስንተላለፍ ዓመቱ አለቀ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እንዝርታቸውንና አንድ ከረጢት የተባዘተ ጥጥ ከአገር ቤት ይዘው ነው የመጡት። ለምን እንደሚፈትሉ ጠይቄ አላውቅም።

መከራችን የመጣው እንጀራዬ የነበረው የታክሲ ሥራ ሲሞት ነው። ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት ጀመረና እኔ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ አራት ሰዓት ተገትሬ አንድ ሰው ይዤ እመለስ ጀመር። በመጨረሻ ተውኩት። ሥርጉት ጋርዴና ከተማ አንድ የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ምሽት። ሶ እማማን ቀን ቀን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ብቻቸውን አይተዉም። አንድ ጊዜ ድስት ጥደው ረስተው፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሕንፃውን ሙሉ ሲያስጮኽ እሳቸው በሰላም ይፈትሉ ነበር። ጎረቤት ነው በሩን ገንጥሎ የገባው።

ከዚያ ኤርፖርት አጠገብ የፓርኪንግ ሥራ ተገኘልኝ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት፤ በሚመጣው ሰኞ ጀምር ተባልኩ። እኔ እዚያ ከገባሁ እማማን የሚጠብቅ የለም። ሚኒሶታ ለሚኖረው ለሥርጉት ወንድም ለተክለብርሃን ደወልን። "ላኳት፤ እኔም ሚስቴም ሥራ ስለምንውል ቀን ቀን ሽማግሌዎች የሚውሉበት ቤት አስገባታለሁ" አለ። እዚያ ቤት አማርኛ የሚያውቅ የለም፣ የሥርጉትን የእጅ ምልክት የሚያውቅም የለም። እንግዲህ አስቡት፤ በማይሰማ ጆሮ በማያውቁት ሰው መካከል፣ ያውም በዚያ በረዶ አገር።

ይኼን ሁሉ የተነጋገርነው እሳቸው እያሉ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሳቸው ደግሞ ጭራሽ የለም፣ ከማን እንደብቀው? እሳቸው መስኮት ሥር ይፈትላሉ፣ እኛ እራት ጠረጴዛ ላይ ስለ እሳቸው እንከራከራለን። አንድ ምሽት ተናድጄ "የሰው እናት ስጠብቅ ዕድሜዬ አለቀ" ብያለሁ። ሥርጉትን የጨነቃት ሌላ ነው፤ "ሚኒሶታን በእጄ እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት?" ትላለች። ሁለታችንም ሳንነግራቸው ቀኑ ቀረበ።

በዚህ መሀል ናዝራዊት መጣች። የጓደኛዬ የጌታሁን ልጅ ናት፤ ጌታሁን ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት አለው። ልጅቷ ፊልም ሥራ ውስጥ ናት። ምን እንደምትሠራ አባቷም በቅጡ አያውቅም፤ ብቻ ሁለት ስልክ ይዛ ትሮጣለች። ትራኬን ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስታያት ደርቃ ቀረች። ትራኬ በፈረንጅ የሰባ ስምንት ሞዴል ፒካፕ ናት፣ አረንጓዴ፣ ፊት ለፊት አንድ ወጥ ወንበር ያላት። ጋርዴና ከሚኖር አንድ ጃፓናዊ አትክልተኛ ነው የገዛኋት። ሥርጉት ስሟን "ቆርቆሮሽ" ብላታለች።

"ጋሼ ዳኛቸው፣ ትራክህን እንፈልገዋለን" አለችኝ ናዝራዊት። ጋሼ ብላ አንተ ማለት የዚህ አገር ልጆች ወግ ነው፤ ለምጄዋለሁ። "ታሪኩ ሴቨንቲስ ነው፤ ሁለት ሰዎች ድራይቭ እያደረጉ ያወራሉ። ኦልሞስት ሙሉ ፊልሙ መኪና ውስጥ ነው። ትራኩን አንተው ታመጣዋለህ፣ አንተው ትጠብቀዋለህ። ቅዳሜና ሰኞ ብቻ፣ ለስድስት ወር።"

ቅዳሜና ሰኞ ሥርጉት ከሥራ የምታርፍባቸው ቀኖች ናቸው። ከዚያ የተሻለ ነገር በስለትም አይገኝም። ክፍያውም ይበቃናል፤ ይኼ ሥራ ከተያዘ ኤርፖርቱም ይቀራል፣ እማማም የትም አይሄዱም።

"ባት መጀመሪያ ሳውንድ ጋዩ ይስማው" አለች።

ሳውንድ ጋዩ፣ የፊልሙን ድምፅ የሚቀዳው፣ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ደፍቶ፣ መቅጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠና ከፌርፋክስ ወደ ኦሎምፒክ መንገድ ነዳሁለት። የትራኬ በሮች ድሮም ይንኳኳሉ፤ እኔ ለምጄው አልሰማውም። ያን ቀን ግን ማዳመጫውን እያየሁ ስነዳ ሁሉንም ሰማሁት። ቀኙ በር ይንቋቋል፣ ግራው ይንሿሿል፣ መስታወቶቹ ይርገፈገፋሉ። ሰውየው የመጀመሪያው መብራት ሳንደርስ ማዳመጫውን አወለቀና "ኖ" አለ። ተዋንያኑ ሲያወሩ በሮችህን ስሰማ ልውል ነው፣ ሌላ ትራክ አይተናል አለ። ናዝራዊት ለመነችልኝ። እስከ ሐሙስ ጠዋት ጊዜ ሰጠኝ፤ ያን ቀን ሰኞ ነው።

ጌታሁን ቤት ገብቼ ባወራ ሁሉም መካኒክ ሆነ። ፌርፋክስ ላይ ታክሲ የነዳ ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ ማጠፊያውን ቀይር አለኝ፣ አንዱ በሮቹን አውልቀህ ንዳ ብሎ ተሳለቀብኝ። ለማንም ሳልመልስ ቤቴ ሄድኩ። ሥርጉት ገበያ ስለወጣች ከሕንፃችን ጀርባ ባለው ፓርኪንግ እማማን በወንበር አስቀመጥኳቸውና ካቻቪቴ አነሣሁ። የበሩ ምላስ የሚነክሰውን ብሎን አላልቼ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ በሮቹ ጥብቅ ብለው ተዘጉ። ከዚያ ውስጠኛ ሽፋናቸውን ፈታሁና ሆዳቸው ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ጠቀጠቅኩ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ አሮጌ ካልሲ፣ እንጀራ የሚመጣበት ፌስታል፣ እሱማ ቤታችን ሞልቷል፣ ሃያ የሚሆን አስገባሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ ዙር ነድቼ ስመለስ መንቋቋቱ ሳይቀር መንኮሻኮሽ ተጨመረበት፤ በሩ ውስጥ አይጥ የገባ ይመስላል። ወረድኩና በሩን በእርግጫ መታሁት። ጫማዬ ያረፈበት ቦታ እስካሁን ጎድጉዶ ይታያል። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው አዩኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሞተሩን አስነሥቼ፣ አንገቴን በመስኮት አስገብቼ ሳዳምጥ እማማ ከወንበራቸው ተነሡ። እንዝርታቸውን እንደያዙ መጥተው መዳፋቸውን ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ አሳረፉ። ቆዩ። ከዚያ በሩ ላይ አሳረፉ።

"ይኼ መኪና ብርድ ብርድ ብሎታል" አሉ።

"እማማ ይቀመጡ፤ ጭሱ ይጎዳዎታል" ብዬ ጮኽኩ። ፊታቸውን አላዞሩም። መጀመሪያ መዳፋቸውን፣ ቀጥሎ የጣቶቻቸውን ጫፍ፣ ቀጥሎ ጥፍራቸውን በበሩ ላይ አስኬዱ። ከዚያ ያደረጉትን እስካሁን ለሰው ስናገር ያፈዝዘኛል። የእንዝርቱን አንድ ጫፍ በጥርሳቸው ነከሱ፤ ሌላውን ጫፍ በሩ ላይ ተከሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንዲህ ሆነው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሩን ስንዝር በስንዝር ከላይ እስከ ታች ሄዱበት። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፤ ከጥጣቸው ቆንጠር ያደርጋሉ፣ በምላሳቸው ያርሳሉ፣ ያቺ ቦታ ላይ ይለጥፋሉ። ይቀጥላሉ።

ሲጨርሱ ቀኙ በር ላይ ሰባት የጥጥ ነጠብጣብ፣ ግራው ላይ አራት ተለጥፏል። እንዝርቱን ከጥርሳቸው አወጡና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

"እነዚህን ይዩልኝ" አሉኝ።

እውነቱን ልናገርና ደሜ ፈላ። ሃያ ሰባት ዓመት መኪና ነድቼ፣ ብሎንና ሮንዴላ ለይተው በማያውቁ ሴት ልታዘዝ? የከፈትኩት ምንም እንደሌለ ላሳያቸው ብዬ ነው። ሽፋኑን ፈታሁ፣ ፌስታሌን ሁሉ ጎትቼ ጣልኩ፣ የመጀመሪያዋ ጥጥ ካለችበት በስተጀርባ እጄን ሰደድኩ። አንድ ብሎን በጣቴ ተሽከረከረልኝ። አጠበቅኩት። ከሁለተኛዋ ጀርባ የመቆለፊያው ዘንግ ቆርቆሮውን ይነካል፤ በቴፕ ጠቀለልኩት። ከሦስተኛዋ ጀርባ የመስኮቱ ማውረጃ ላልቷል። አራተኛዋ ላይ ስደርስ ማጉረምረሜን ትቻለሁ።

አምስተኛዋ ከታች ጥግ ላይ ነበረች። ያን ቦታ ዳብሼዋለሁ፤ ባዶ ቆርቆሮ ነው። እጄን አውጥቼ "እዚህ ምንም የለም" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "አለ" አሉ። እንደገና ገባሁ፣ የታጠፈው ጠርዝ ውስጥ ጣቴን ሰደድኩ፣ አንዲት ምስር የምታክል ጠጠር ወጣች። መዳፌ ላይ አድርጌ ሳያት ሰውነቴን ወረረኝ። የአትክልተኛው ጠጠር ትሁን የእኔ አላውቅም፤ ስንት ዓመት እዚያ ተቀምጣ ስትንኳኳ እንደኖረች እግዜር ይወቅ። ቆርቆሮውን አልፈው፣ የሞተሩን ንዝረት ለይተው፣ አንዲት ምስር አገኙ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

እንዴት ብዬ በእጄ ጠየቅኳቸው።

"በጥርሴ ይመጣል" አሉ። "ክር ሊበጠስ ሲል ይንቀጠቀጣል። ድሮ በጆሮዬም እሰማው ነበር፤ ጆሮዬ ከሄደ በጣቴና በጥርሴ ቀረ። ስድሳ ዓመት ፈትያለሁ፤ ከክር ይልቅ ቆርቆሮ ቀላል ነው፣ ይጮኻል።"

የግራውን በር አራቱንም እንደዚያው አበጀሁ። የቀኙ ስድስተኛዋና ሰባተኛዋ ጥጥ መስታወቱ አጠገብ ነበሩ። መስታወቱ ወደ ላይ ወደ ታች የሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ ያለው ጨርቅ ተበልቶ አልቆ መስታወቱ ብረት ለብረት ይጋጫል። የመለዋወጫ ሱቅ ደወልኩ፤ ለዚህ ሞዴል በትእዛዝ ነው፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አሉኝ። ስልኩን ልወረውረው ሲዳዳኝ እማማ ትንሿን ጣታቸውን ቦዩ ውስጥ ከተቱ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አስኬዱ፣ አወጡና ለኩ። "እኔ እሠራዋለሁ" አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈተሉ። ሲፈትሉ አይቻቸው የማላውቅ ነኝ፤ ማለቴ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ሆኜ አይቼ አላየሁም። ያን ቀን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አየሁ። ጭናቸው ላይ እንዝርቱ ይሾራል፣ ደመና የመሰለው ጥጥ ከጣታቸው ሥር ክር ሆኖ ይወጣል፣ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው፣ እጃቸውን አያዩትም። ቀጭኑን ክር አምስት ስድስት አድርገው ገመዱት፤ እንደ ጧፍ የወፈረ ሆነ። እየደጋገሙ በትንሿ ጣታቸው ይለኩታል። ያልተስተካከለበት ቦታ ለማግኘት ብዬ እኔ ራሴ በጣቴ አስኬድኩት፤ የለም። ማሽን እንደዚያ አያወጣም።

ሥርጉት ከሥራ ገብታ ገመዱን ስታይ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

"ይኼ ጥጥ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለችኝ። "የመገነዣዋ ነው። ስትሞት የምትገነዝበትን ሸማ ራሷ ልትፈትል ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው።"

ደነገጥኩ። የሰው መገነዣ መኪና በር ውስጥ ልጠቀጥቅ? ሥርጉት እናቷ ፊት ተንበርክካ እጇን አወናጨፈች፤ ተይ፣ ይቅር፣ ማለቷ ነው። እማማ ሳቅ አሉ።

"ለእኔ መሞቻ ቀን አልተቆረጠም፤ ለመኪናው ሐሙስ ተቆርጦለታል" አሉና እንዝርታቸውን አሾሩ።

ሐሙስ መሆኑን ማን ነገራቸው የሚል ነገር በራሴ ሽው ብሎ አለፈ። ሥርጉት ትሆናለች ብዬ ተውኩት።

ረቡዕ ጠዋት ልንገጥመው ወረድን። ሁለታችንም ትራኩ ውስጥ መግባት ነበረብን፤ አማትና አማች ትከሻ ለትከሻ ተጣበቅን። እኔ ቦዩን ማስቲሽ እየቀባሁ እሳቸው ገመዱን ያስገባሉ፤ እኔ በካቻቪቴ ጀርባ እጫነዋለሁ። ጨርሶ የሰው ሥራ አልመስልህ አለኝ፤ ገመዱ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሲወለድ ጀምሮ እዚያ የነበረ ይመስል ነበር። መስታወቱን ቀስ ብዬ ማንሣት ስጀምር እጄ ፈራ ተባ አለ።

"ግፋ እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል?" አሉኝ። "እዚያ ጋ ያዝ። አታወዛውዘው አልኩህ። ኧረ ወደ ውስጥ ነው፣ ወደ ውስጥ።"

አንተ ማለታቸውን ያወቁት መስታወቱ ሽቅብ ተንሸራቶ ልክክ ካለ በኋላ ነው። ነጠላቸውን ስበው አፋቸውን ሸፈኑ፤ "ይቅር ይበሉኝ፣ ሥራ ይዞኝ ነው" አሉ። ሳቄ መጣ። እሳቸውም ነጠላው ሥር ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በዓመታችን አብረን የሳቅነው ያኔ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሳውንድ ጋዩ መጣ። ሥርጉት ሥራ ስለሄደች እማማን ትቻቸው መሄድ አልችልም፤ ሶ ሦስታችንም ገባን። እኔ መሪው ላይ፣ ፈረንጁ መሀል፣ እማማ በመስኮቱ በኩል መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳርፈው። ናዝራዊት በራሷ መኪና ተከተለችን። ፈረንጁ ማዳመጫውን ደፋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ውዳሴ ማርያም በልቤ ጀመርኩ፤ ለመኪና ደግሜ አላውቅም።

ከኦሎምፒክ ወደ ፒኮ ወረድኩ። ከዚያ ሆን ብዬ አስፋልቱ ወደ ተሰባበረበት መንገድ አስገባኋት። ጉድጓድ ስንገባ በሮቹን ጠበቅኩ፤ ምንም። ሌላ ጉድጓድ፤ ምንም። ትራኬ ስንት ዓመት ነድቻት ሞተሯ እንዲህ ያለ ልስልስ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ለካ በሮቹ ሸፍነውት ኖሯል። የጎማው ድምፅ ተሰማኝ፣ የፈረንጁ ትንፋሽ ተሰማኝ፣ የራሴን ምራቅ ስውጥ ሰማሁ። ቤተ መቅደስ ውስጥ የምነዳ መሰለኝ፤ ፈራሁም።

እማማ ጣታቸውን አነሡ። "አለ" አሉ።

እግዚኦ፣ አሁን ምኑ ቀረ? ፈረንጁ ዓይኑን ገልጦ አያቸው፤ መቅጃው ላይ የሆነች ነገር አዞረና አቀርቅሮ አዳመጠ። ቆየ። ከዚያ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ፤ እሱም ሰማው። እማማ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው የበሩን ግርጌ ዳበሱና ከእግራቸው አጠገብ የተቀመጠውን የፈረንጁን ቦርሳ ወደ መሀል ሳቡት። የቦርሳው ማሰሪያ ብረት ነበር በሩን የሚነካው። የራሱ ቦርሳ።

ፈረንጁ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። 

ፓርኪንጉ ስንደርስ ያን ሁሉ መንኳኳት በምን መሣሪያ ነው ያገኘኸው አለኝ። እኔ አይደለሁም፣ እሳቸው ናቸው አልኩና እንዝርቱን አሳየሁት፤ እንዴት እንደነከሱትም ነክሼ አሳየሁት። ጆሯቸው ምን ዓይነት ቢሆን ነው አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም ሰምተው አያውቁም አልኩት። ናዝራዊት ሁለቱንም ስልክ ኪሷ ከተተች፤ እሷም አላወቀችም ነበር። ፈረንጁ የእማማን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለላቸው፣ እሳቸውም አጸፋውን ጎንበስ አሉ። አርባ ዓመት ለጆሮዬ ሲከፈለኝ ኖሬ እንዲህ ያለ አላየሁም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ቅዳሜ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ" ብሎኝ ሄደ፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው።

ናዝራዊትም ተከተለችው፤ እማማና እኔ ብቻችንን ቀረን። አውራ ጣቴን ቀስሬ፣ ትራኩን እያመለከትኩ፣ እየሳቅኩ፣ ተሳካልን ለማለት ስወራጭ ቆመው አዩኝ። የተረፈውን ክር ቀስ እያሉ እንዝርቱ ላይ ጠቀለሉ።

"እንግዲህ ሚኒሶታ አልሄድም?" አሉኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ሚኒሶታን ማንም አልነገራቸውም፤ ለሚኒሶታ የሚሆን ምልክትማ ሥርጉትም አጥታ ነበር። የእራት ጠረጴዛችን መጣብኝ። ተክለብርሃን ያለው፣ እኔ ያልኩት፣ የሰው እናት ስጠብቅ ዕድሜዬ አለቀ ያልኩት፣ ያን ሁሉ ስል ፊቴ ወደ መስኮቱ እንደነበር። የትራኩን በር ተደገፍኩ።

"አፋችሁን አያለሁ እኮ" አሉ፣ ምንም ቅያሜ በሌለው ድምፅ። "ሃያ ዓመት የሰው አፍ ሳይ ነው የኖርኩት። ለሥርጉት እንዳይነግሩብኝ፤ በእጇ ስታወራኝ ትነካካኛለች፣ እሱ እንዳይቀርብኝ ነው።"

መገነዣቸውን ለምን በር ውስጥ እንደከተቱት ያኔ ገባኝ። እኔ ስለ ትራክ ስጨነቅ እሳቸው ልጃቸው አጠገብ ለመኖር ሲፈትሉ ነው የከረሙት። ይቅርታ ልል ፈለግኩ፤ ድምፄ ከየት ይምጣ። ከንፈሬን ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ አንቀሳቀስኩ።

"አይሄዱም" አልኩ።

ከንፈሬን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይኸው" አሉኝ። "ድሮም መጮህ አያስፈልግም ነበር።"